ታቦት የሌለው ደን

…ኧረ ሆዴን፣ ሆዴን! ቆዩ እስቲ፣ ሳቄ ይብረድልኝ። ልስመው እኮ ነበር! ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ፣ ከንፈሬን አሹዬ ግድግዳው ላይ ልደፋ አንድ ስንዝር ቀርቶኝ ነበር። የምኑ ግድግዳ እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ አትቸኩሉ። እሱም ቢሆን ምኑም አይደል፤ ዋናው መጨረሻ ላይ ነው ያለው። እዚያ ለመድረስ ግን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። የጽሕፈቴን ነገር አደራ፤ ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ይህ እጅ ከማጭድና ከማማሰያ በቀር የጨበጠው ነገር የለም።

ልጅ ሳለሁ፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ ባለው መንደራችን፣ ጥጆቹ ታስረው ላሞቹ ታልበው ሲያበቁ፣ የእናቴ ወንድም አያ ታደገ ቃጫቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከጎረቤት ይመጡ ነበር። መደቡ ላይ ይቀመጡና የቃጫውን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ቆንጥጠው ገመድ እየገመዱ ተረት ያወጉናል። ያኔ ቤታችን መስኮት አልነበረውም፤ የባህር ዛፉ ጭስ መውጫ አጥቶ ከጣራው ሥር ይንሳፈፋል፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ሆኖ ይርገበገባል፣ እኛ አምስት ልጆች ደግሞ ፍሙን ከበን፣ ዓይናችን በጭሱ እያለቀሰ፣ የተቆላ ባቄላ እየቆረጠምን አፍ አፋቸውን እናያለን።

የጅቡንም የጦጣውንም ያውቁበታል። እኛ ግን የምንወደው አንዱን ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እሳቸው «ይሄ ተረት አይደለም» ይሉ ነበር። በጉብዝናቸው ዘመን ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ሄደው አንድ በጋ ከርመው ተመልሰዋል። ያዩትንም እንዲህ ይሉናል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ከከተማው እምብርት፣ መኪና እንደ ንብ ከሚተምበት ቦታ፣ አንድ ደን አለ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው ሰማይ ነክቷል። አጥር አለው፣ በር አለው፣ ዘበኛም አለው። ታቦት ግን የለውም።»

እዚህ ላይ ባቄላ መቆርጠማችንን እናቆማለን። ታቦት የሌለው ደን! አገራችንን ለማያውቅ ልንገር፤ ጋይንት ላይ ሁኑ ስማዳ፣ ከአንድ ጉብታ ላይ ቆማችሁ ዙሪያውን ብትቃኙ መሬቱ ሁሉ እርሻ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የጠቆረ ዛፍ ያያችሁበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። መንገደኛ ከሩቅ ደን ካየ የማን ደብር እንደሆነ ሳይጠይቅ ያማትባል። ዛፉን ከመጥረቢያ የሚያድነው ታቦቱ ነዋ! ታቦት የሌለው ዛፍማ ገና ድሮ ሞፈርና ማገዶ ሆኖ አልቋል።

አያ ታደገ ግን ይቀጥላሉ። በዚያ ደን ውስጥ ውሃ ወደ ላይ ይፈሳል። ሣሩን ከብት አይግጠውም። መቀመጫ አለ፤ የመጣ ሁሉ ይቀመጥበታል፣ «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?» ብሎ የሚያስጨንቅ የለም። ደግሞም ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ሰተት ብሎ ይገባል። እኔ ነገር መጠየቅ የማይታክተኝ ነበርኩና፣ «አያ፣ አንቱስ ጫማ ነበረዎት?» እላቸዋለሁ። ይህን ባልኩ ቁጥር ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሱና «ጅቢት ደግሞ አንድ ቀን…» ብለው ወደ ሌላ ያልፉ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ እሑድ እናቴን ተከትዬ ሰንበቴ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ሁሉ ዳቦና ጠላውን ይዞ ተቀምጧል። ያኔ መሪጌታችን ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡ፣ ቃላቸው እንደ ማኅተም የሚቆጠር ትልቅ ሰው ነበሩ። መሐል ገባሁና፣ «የኔታ፣ ታቦት የሌለው ደን አለ ወይ?» አልኳቸው።

«ማነው ያለሽ?»

«አያ ታደገ።»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «ታቦት ከሌለ ዛፉን ማን ጠበቀው? ታደገ የከተማው ጠላ በርትቶበት ይሆናል» አሉ።

ሰንበቴው በሳቅ ተናጋ። እኔም መሳቅ ብቻ መቼ በቃኝ! ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ፣ በእግራቸው ጣት ቃጫ ሲቆነጥጡ፣ «ውሃው ወደ ላይ!» ሲሉ፣ አንድ በአንድ አስመስዬ አሳየሁ። ሰው ሲስቅልኝ እኔ እየባሰብኝ ሄድኩ። አያ ታደገ ከጥግ ተቀምጠው ነበር። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ምሽት ቤታችን አልመጡም፤ በማግስቱም አልመጡ፤ ከዚያም በኋላ ቃጫቸውን ይዘው መጥተው አያውቁም። ተረታችን በዚያው ቀረ። ፍሙ ግን በየምሽቱ ነበር፤ ባቄላውም ነበር፤ እኛ ልጆችም ከበነው መቀመጥ አልተውንም፣ የሚያወጋን ብቻ አልነበረም።

«ባለደኑ» የሚል ስም ወጣላቸው። ስም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! እኛ አገር ሰው ሀብቱ ቃሉ ነው፤ የእሳቸው ቃል ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ገለባ ሆነ። «በረዶ ጣለ» ቢሉ ሰው አያምንም፣ ወጥቶ ያረጋግጣል። ለእርቅ ሽማግሌ ሲመረጥ የሳቸው ስም ሲነሣ፣ «ተዉ እባካችሁ፣ ደን ያሳየናል» ይባላል። እኔ ስዳር እንኳ፣ የእናቴ ወንድም ሆነው ሳለ፣ አባቴ ከሽማግሎቹ መካከል አላስቀመጣቸውም። ከጓዳ ሆኜ ሳይ፣ በግቢው ዳር ብቻቸውን ቆመው የሙሽራውን በቅሎ ይዘው ነበር። እስከ ዛሬ ያ በቅሎ ያዥነታቸው ከዓይኔ አይጠፋም።

ዘመኑ ሄደ። እኔም አክስት ሆንኩ፣ ጉንጬ ሞላ፣ ድምፄም ከጉንጬ ጋር ሞላ። ዘንድሮ የወንድሜ ልጅ ሰላም አዲስ አበባ ሥራ ይዛ፣ «አክስቴ ካልመጣሽልኝ» ብላ አስጨነቀችኝ። ልሰናበታቸው አያ ታደገ ዘንድ ገባሁ። ዓይናቸው ሊጠፋ ትንሽ ነው የቀረው። እጄን ጨብጠው፣ «ፈንታዬ» አሉኝ፣ «ስሜን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ። ዓይን አለሽ፣ ሂጂና ደኑን እይው። ካለ አለ በይ፤ ከሌለም የለም በይ። ሳልሞት ይህ ስም ይልቀቅልኝ።» ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። እኔ! ቡና ሳልጠጣ ከሰው ቤት የወጣሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አዲስ አበባን ልንገራችሁ? አልነግራችሁም፤ ምኑ ይነገራል! ሰዉ ሁሉ እሳት እንደተነሣበት ይሮጣል፣ ሲደርስ ደግሞ ተሰልፎ ይቆማል። አራተኛው ቀን ላይ ሰላም፣ «አክስቴ፣ ዛሬ ፓርክ እንሂድና ዘና በይ» አለችኝ። ታክሲው በጡሩንባ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ ቆይቶ አንድ በር ላይ አወረደን። ቀና ስል ምን ልይ? ጽድ! ወይራ! ዝግባ! ጥቁር ያለ፣ የተጠቀጠቀ፣ በአጥር የተከበበ ደን! ወዲያው አማተብኩ። በሩን ተሳለምኩት። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። በልቤም፣ «አዬ ባለደኑ፣ ተያዙ! ደኑስ አለ፤ ይህን ከመሰለ ደን ታቦት ሊታጣ ነው? ደብር አይተው ነው ለካ እንደዚያ ያወሩልን» ብዬ ሳቅሁባቸው።

ዘበኛው እጁን ዘረጋብኝ። «እናት፣ ጫማ ያድርጉ። በባዶ እግር አይገባም።»

«ምነው ልጄ፣ ጫማ አድርጌ ገብቼ ልቀሰፍልህ ነው?»

«ሕግ ነው እናት።»

«የየትኛው ሀገረ ስብከት ሕግ ነው እሱ?»

ሰላም በጆሮዬ፣ «ፕሊስ አክስቴ፣ አድርጊውና እንግባ፣ ሰው እያየን ነው» አለች። እኔ እሺ ብዬ የምቀር መስያት! አደረግሁት፤ ከዘበኛው ዓይን እንደ ራቅሁ መልሼ አወለቅሁት። ሰላም ስልኳን ስታነሣ ጥያት ወደ ውስጥ ገሰገስኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ልሳለም።

እነሆ ከዛፎቹ መካከል አንድ ክብ ቤት። ጣራው ሾጠጥ ያለ፣ ግድግዳው ነጭ። ዙሪያውን ስመለከት ነገሩ ሁሉ ደንቡን የጠበቀ ነው፤ በአንዱ በር ወንዶች፣ በሌላው በር ሴቶች ይገባሉ። ሴቶቹ በር ላይ ተሰልፈው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ አቀርቅረው ዝም ብለዋል። የሚወጡትም ፊታቸው ፈካ፣ ቀለል ብሏቸው ነው የሚወጡት። «ሃይማኖቱ አልጠፋም» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ። በጀርባው በኩል ዞሬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ግድግዳውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

«እናቴ! እናቴ! ምን ሆኑ?» ሣር የምታጭድ ሴትዮ ናት፤ ማጭዷን እንደያዘች ሮጣ መጣች። «የሽንት ቤቱ በር በዚያ በኩል ነው!»

«የምኑ?»

«የሽንት ቤቱ።»

«ታዲያ ታቦቱ የት ነው ያለው?»

«የምን ታቦት? እዚህ ታቦት የለም እናቴ። መናፈሻ እኮ ነው።»

ታቦት የለም! መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ። ሳቄ ይሁን ልቅሶዬ እኔም አልለየሁት። ሰላም ደርሳ ልታነሣኝ ብትጎትት እኔ ጭራሽ ባሰብኝ። ሣር አጫጇ ውሃ አመጣችልኝ። ደኑ አለ። ታቦት የለውም። ያ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ እውነቱን ይዞ በግቢ ዳር በቅሎ ሲይዝ ኖረ፤ እኔ ደግሞ ሽንት ቤት ልስም!

ከዚያ ወዲያማ አንድ በአንድ ላጣራ ተነሣሁ። ውሃው? እውነትም ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደ ሕፃን ልጅ ሽንት ሽቅብ ይረጫል። ሰዉ ከቦ አፉን ከፍቶ ያየዋል። መብራት ሄደና ውሃው ቁጭ አለ። «ወይ ውርደት!» አልኩ። የኛ ምንጭ መብራት ሄዶባት አታውቅም። ሣሩስ? ከብት አይግጠውም፤ ከብት ብቻ አይደለም፣ ሰውም አይረግጠውም። «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» ይላል ሰሌዳው፤ ሦስተኛ ክፍል ለዚህ በቅቶኛል። ያጨዱትን በጆንያ ሞልተው ሊጥሉት ነው! በሚያዝያ ላሜ አጥንቷ ገጥጦ ሳለ እነዚህ ሣር ይጥላሉ። አንድ ጆንያ ተሸክሜ ልወጣ ስል ሰላም ነጠቀችኝ።

አንድ ቦርጫም ሰውዬ በቁምጣ እያለከለከ በአጠገቤ ሮጦ አለፈ። ዞር ብዬ የሚያባርረውን ፈለግሁ፤ ማንም የለም። ትንሽ ቆይቶ በዚያው መንገድ ተመልሶ መጣ።

«የጠፋበት አልተገኘም እንዴ?» አልኳት ሰላምን።

«ክብደት ሊቀንስ ነው አክስቴ።»

«ታዲያ ሐምሌ ላይ እኛ ዘንድ ይምጣና ይረስ። ሦስት ቀን አይፈጅበትም።»

ሹራብ የለበሰ ውሻ አየሁ። ከዛፍ ሥር የተጋደመች ሙሽራ አየሁ፤ ያን የመሰለ ነጭ ቀሚስ ለብሳ መሬት ላይ፣ ፎቶ አንሺው «አሁን ሳቂ፣ አሁን እዘኚ» እያላት። ያን ሁሉ ዛፍ ይዘው ቀና ብሎ ዛፉን የሚያይ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም ጀርባውን ለዛፉ ሰጥቶ ስልኩ ላይ የራሱን ፊት ያያል።

መቀመጫውም ነበር። ከመቀመጤ በፊት እንደ ወጉ በየመቀመጫው እየዞርኩ «እንደምን ዋላችሁ?» ብል፣ የሚመልሰው ጥቂት ነው፤ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። አንድም ሰው የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቀኝም! አጠገቤ ያለችውን ልጅ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» ብላት ከጆሮዋ የሰካችውን ነቅላ፣ «ምን አሉኝ?» አለችና ተነሥታ ሄደች። ይህ ነው አያ ታደገ እንደ ገነት ያወሩልን? እኔን ብትጠይቁኝ ለበግ በረት አልመኘውም። በጉ እንኳ አጠገቡ የቆመውን ያሸታል። ቢሆንም ቃላቸው ቃል ነው፤ ሁሉም እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። ሰላም ፎቶውን በስልኬ ሞላችልኝ፣ ይዤ አገሬ ገባሁ።

የመጀመሪያው እሑድ ሰንበቴው ሞልቷል። ገና ዋንጫዬን ሳልቀበል ጎረቤቴ ይርጋ፣ «ፈንታዬ፣ የባለደኑን ደን አየሽልን ወይ?» ብሎ ሰውን አሳቀ። አያ ታደገ ከዚያው ከድሮ ጥጋቸው ላይ ናቸው፤ ዱላው በጉልበታቸው መካከል፣ አንገታቸው እንደተደፋ።

ተነሣሁ። «አየሁት። ደኑ አለ፤ ታቦት የለውም» አልኩ። ስልኬንም አዞርኩ።

ይርጋ ስልኩን አየት አደረገና፣ «ስልክ ምን የማያሳየው አለ! የኔ ልጅ ስልክ አንበሳ ሲጨፍር አሳይቶኛል» አለ። ሳቁ ሊጀመር ነው። ያ የልጅነት ሳቅ፣ እኔው የለኮስኩት፣ አርባ ዓመት ያልበረደው ሳቅ። አያ ታደገን አየኋቸው። ስልክ እንደማያድናቸው ገባኝ።

«እንግዲያው ስሙኝ!» አልኩና ያሰብኩበትን ሁሉ ትቼ የሽንት ቤቱን አወጣሁት። በሩን መሳለሜን፣ ጫማዬን ማንጠልጠሌን፣ «በአንዱ በር ወንድ፣ በአንዱ በር ሴት» ማለቴን። መሐል ወጥቼ ከንፈሬን አሹዬ፣ ወደ ምሰሶው ጎንበስ ብዬ፣ እንዴት አድርጌ ልስም እንደነበር አሳየኋቸው። ዛሬ ያስመሰልኩት ራሴን ነው። ሰንበቴው ፈነዳ። ይርጋ ጠላው ሰረነቀው፤ ሴቶቹ ተያይዘው ወደቁ፤ አንዷማ «እመ ብርሃን፣ ሆዴን!» እያለች ከደጅ ወጣች።

የዛሬው መሪጌታ የዚያን ጊዜው መሪጌታ ደቀ መዝሙር ናቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «እንዲህ ያለውን ነገር በራሱ ላይ ፈጥሮ የሚያወራ ሰው የለም» አሉ። «ደኑ አለ። ታቦትም የለውም።» ከዚያም ተነሥተው ሄደው የአያ ታደገን ትከሻ ሳሙ። «አባቴ፣ ይፍቱን። የሰው ቃል አቅልለን ኖረናል። የፊታችን እሑድ የወንዝ ማዶዎቹን ስናስታርቅ ከመካከላችን ይቀመጡልን።»

ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ «ይፍቱን» አለ። ሳቁ ከሳቸው ላይ ተነሥቶ እኔ ላይ መጥቶ ተቀመጠ፤ ይኸው እስከ ዛሬ «ተሳላሚዋ» እባላለሁ። ይበሉ! እኔ ትከሻዬ ሰፊ ነው፤ የዚያን መናፈሻ ጉድ ባወራሁ ቁጥር እንደገና እስቃለሁ። ይርጋ ብቻ «ተሳላሚዋ» ሲለኝ «ና፣ አንተንም ወስጄ ላስምህ» እለዋለሁ።

ከሰንበቴው ስንወጣ የዱላቸውን ጫፍ ይዤ አያ ታደገን እየመራሁ ወሰድኳቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ጥላ ሥር ስንደርስ፣ ከሰዎች ቤት የሚወጣው የባህር ዛፍ ጭስ በአፍንጫዬ ገባ፤ ያኔ ልጅ ሳለሁ የነበረው ያ ፍም፣ ያ ኩራዝ፣ ያ ባቄላ አብሮ መጣ። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ ከጭሱ ጋር የቀረልኝ ተረቱ አይደለም፤ ከመናገራቸው በፊት ዝቅ የሚያደርጉት ድምፃቸው ነው። እሱን ዳግም የምሰማው አልመሰለኝም ነበር።

አያ ታደገ ቆም አሉ። ጫማዬን በዱላቸው ጫፍ ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«እኔንማ ዘበኛው ‹ባዶ እግርህን አትገባም› ብሎ መለሰኝ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው ያየሁት። በይ አሁን አንቺ አውጊኝ፤ ውስጡ ምን አለ?»